ደኑን ለአዕዋፍ ስለሚጠብቅ የቡና ገበሬና ስለሚገባው ዋጋ

ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር፣ ቦሌ መድኃኔ ዓለም አጠገብ በሚገኘው የንግድ ቤታችን ጽሕፈት ክፍል፣ ከሰሜን አሜሪካ የተላከ አንድ የገዢ ደብዳቤ ደረሰን። ደብዳቤው እንደ ልማዱ ስለ ናሙናው፣ ስለ ዋጋውና ስለ መጫኛው ቀን ከጠየቀ በኋላ በመጨረሻው ገጽ ላይ ሦስት ያልተለመዱ ጥያቄዎችን አስፍሮ ነበር። እነርሱም፦ ከቡናው በላይ ስንት ዓይነት ዛፍ ቆሟል? በማሳው ላይ የሚያርፉትና ጎጆ የሚሠሩት ወፎች የትኞቹ ናቸው? ዛፉን ስላልቆረጠ ለገበሬው የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብስ ምን ያህል ነው? የሚሉ ነበሩ።

አሠሪዬ ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ «ወፍ ቆጥረን እንድንልክላቸው ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔም የንግድ ደብዳቤ በመጻፍ ብዙ ዓመት ያሳለፍሁ ስለሆንሁ፣ እንደ ለመድሁት አድርጌ «ቡናችን በተፈጥሮ ዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል፣ ለአዕዋፍም የሚስማማ ነው» የሚል አጭር መልስ ጻፍሁ። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ ማስረጃ ግን አልነበረውም። ገዢው ማስረጃውን በጠየቀ ጊዜ፣ በመጋዘን ያለው ቡና ከሦስት ልዩ ልዩ ወረዳዎች ተሰብስቦ አንድ ላይ የተበጠረ ሆኖ ተገኘ። የትኛው ኬሻ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ለይቶ ሊናገር የሚችል ሰው ጠፋ። ቡናው በመጨረሻ ተሸጠ፤ የተሸጠው ግን በተራ ቡና ዋጋ ነው። ዛፉን ጠብቆ የኖረው ገበሬም፣ ማን እንደሆነ እንኳ ሳናውቀው፣ ሊደርሰው ይችል የነበረው ጭማሪ ቀረበት።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ወደ ፊት እየበዛ እንጂ እያነሰ የሚሄድ ስላልመሰለኝ፣ ጉዳዩን ለላኪዎችም፣ ለአስመጪዎችም፣ ለባለሱቆችም በዝርዝር ማስረዳቱ ይጠቅማል ብዬ ይህን ጽሑፍ አቅርቤያለሁ።

መሬቱን ሲያለማ ለዱር አራዊትና ለአዕዋፍ መጠጊያ የሚተው ገበሬ በየአገሩ ምስጋና የሚያገኝበት መንገድ ይለያያል። በአውሮፓ የሚከፍለው መንግሥት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 የጋራው የእርሻ ፖሊሲያቸው በተሻሻለ ጊዜ፣ መሬቱን ለተፈጥሮ በሚስማማ መንገድ ለሚይዝ ገበሬ ከጋራው ካዝና ገንዘብ እንዲሰጠው ተደነገገ። በዚህም ምክንያት የማሳውን ዳር ሣርና ቁጥቋጦ ለወፎች ትቶ ያላረሰ ገበሬ፣ ያላረሰው መሬት ኪሣራ አይሆንበትም። በእኛ አገር ግን ለዚህ የተመደበ እንዲህ ያለ ካዝና ስለሌለ፣ ገበሬው ምስጋናውን የሚያገኘው ምርቱን ከሚገዛው ሰው ኪስ ነው። ገንዘቡም ከገዢው ኪስ ተነሥቶ ገበሬው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ የሚያልፈው በእኛ በነጋዴዎች ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩ የተፈጥሮ ወዳጆች ማኅበር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሒሳብ መዝገባችንም ጉዳይ ሆኗል።

ስለ ቡናና ስለ አዕዋፍ ከሚናገሩት ምልክቶች ሁሉ የታወቀው፣ በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ ያለው የስሚዝሶኒያን ተቋም የስደተኛ አዕዋፍ ማዕከል የሚሰጠው «በርድ ፍሬንድሊ» የተባለ ማኅተም ነው። ትርጉሙ «ለወፍ ወዳጅ» እንደ ማለት ነው። ማዕከሉ የተቋቋመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ሲሆን፣ ማኅተሙንም ለቡና መስጠት የጀመረው በዚያው ዐሥርት ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ለዚህ ያነሣሣው ምክንያት በላቲን አሜሪካ የደረሰው ነገር ነበር። በዚያ ብዙ የቡና ባለ ርስቶች ምርት ለመጨመር ሲሉ የጥላውን ዛፍ ቆርጠው ቡናውን ለፀሐይ አጋለጡት። ከዚህም የተነሣ በጋውን በሰሜን አሜሪካ አሳልፈው ክረምቱን ወደ ደቡብ የሚሰደዱት ወፎች ማረፊያ አጡ።

የማኅተሙ ደንብ ጥብቅ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ቡናው የኬሚካል ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት ያልነካው፣ ለዚህም የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት ያለው መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ የዛፉ ነገር ይመረመራል። ጥላው ከማሳው ቢያንስ ከመቶ አርባውን እጅ መሸፈን አለበት። የዋናዎቹ ዛፎች ከፍታ ከዐሥራ ሁለት ሜትር ማነስ የለበትም። ከዋናው የጥላ ዛፍ ሌላም ቢያንስ ዐሥር ዓይነት ዛፍ መገኘት ይኖርበታል። ተቆጣጣሪው ይህን በየሦስት ዓመቱ እየመጣ በዓይኑ ያያል። ማኅተሙን በሸቀጡ ላይ የሚያትመው ቆዪው ደግሞ በሸጠው መጠን ለማዕከሉ ጥቂት ክፍያ ይከፍላል፤ ገንዘቡም ለአዕዋፍ ጥናት ይውላል።

ከጅማ፣ ከኢሉባቦር ወይም ከከፋ የመጣ ሰው ይህን ደንብ ሲሰማ መገረሙ አይቀርም፤ በሌላ አገር በብዙ ድካምና በችግኝ ተከላ ሊደረስበት የሚሞከረው ነገር በእርሱ አገር ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ያለ ነውና። የኢትዮጵያ ቡና በአበቃቀሉ በአራት ይከፈላል፤ እነዚህም የጫካ ቡና፣ ከፊል የጫካ ቡና፣ የጓሮ ቡናና በሰፊ እርሻ የሚለማ የተክል ቡና ናቸው። በተለምዶ እንደሚገመተው የጓሮው ቡና ከጠቅላላው ምርት ግማሽ ያህሉን ሲይዝ፣ የጫካውና የከፊል ጫካው ተደምረው አርባ ከመቶ ያህል ይሆናሉ። በከፊል ጫካው ገበሬው ከሥር ያለውን ቁጥቋጦ ይመነጥራል፣ ጥላውንም በመጠኑ ያሳሳል፤ ነገር ግን ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብርብራው፣ ሾላው፣ ብሳናውና ቀረሮው እንደ ቆሙ ናቸው። በዛፎቹ ላይ ጉሬዛ ይዘላል፤ በቅርንጫፉም ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሎ ይታያል። የዓለም መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ የከፋንና የያዩን የቡና ደኖች በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የሕይወታዊ ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ያሰፈረው ይህን ሁሉ ተመልክቶ ነው።

ይህ በግምት የተባለ እንዳይመስል አንድ ጥናት ልጥቀስ። በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ የአዕዋፍ ሊቃውንት በኢትዮጵያ ውስጥ በሰባት ሥፍራዎች ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀጭን መረብ እየዘረጉ ወፎችን ከያዙና ከመዘገቡ በኋላ፣ ውጤቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 አሳትመዋል። በጥላ ቡናው ማሳ የተገኘው የወፍ ዓይነት ብዛት ካልተነካው ደን ከተገኘው ከእጥፍ በላይ ሆነ። በደኑ የታዩት ሁሉ በቡናውም ውስጥ ታዩ። ከአውሮፓና ከእስያ ተሰድደው ከሚመጡት ዘጠኝ ዓይነት ወፎች መካከል ስምንቱ የተያዙት በቡናው ውስጥ ብቻ ነበር። ከዚህም ተነሥተው ሊቃውንቱ የኢትዮጵያ የጥላ ቡና ምናልባት በዓለም ላይ ካለው ቡና ሁሉ ይልቅ ለወፍ የሚስማማው ሊሆን ይችላል ሲሉ ጽፈዋል።

እዚህ ላይ ግን ላኪዎቻችን የጥናቱን ሌላውን ፊት እንዳይዘነጉት እለምናለሁ። ከደን ውጭ መኖር የማይሆንላቸውና በደኑ ወለል ላይ ነፍሳት እየለቀሙ የሚኖሩት ወፎች፣ በቡናው ውስጥ ቢገኙም በቁጥር የሚበዙት ባልተነካው ደን ነው። እንግዲህ የጥላ ቡና ደኑን ይደግፋል እንጂ አይተካውም። ይህን የሚያውቅ የውጭ አገር ገዢ፣ «ቡናችንና ደኑ አንድ ናቸው» ብሎ የሚጽፍለትን ላኪ አያምነውም።

ወፉ ለገበሬውስ ምን ይሰጠዋል? በኮስታ ሪካ በሠላሳ የቡና እርሻዎች ላይ ተደርጎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 የታተመ ጥናት ለዚህ መልስ አለው። ተመራማሪዎቹ አንዳንዱን የቡና ቅርንጫፍ ወፍ እንዳይደርስበት፣ አንዳንዱን ንብ እንዳይደርስበት፣ አንዳንዱንም ሁለቱም እንዳይደርሱበት በመረብና በከረጢት ሸፈኑት። ወፍም ንብም በተከለከሉበት ጊዜ ምርቱ ሃያ አምስት ከመቶ ያህል ቀነሰ፤ ይህም በአንድ ሄክታር ከአንድ ሺሕ የአሜሪካ ዶላር በላይ ኪሣራ ማለት ነው። ወፉ ፍሬውን የሚበሳውን ነቀዝ ይለቅማል፤ ንቧ አበባውን ታዳቅላለች። ቁጥሩ የኮስታ ሪካ ነው፤ እንዳለ ወደ ጅማ ተዛውሮ የሚነገር አይደለም። ሥራው ግን በየትም አገር ያው የወፍና የንብ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ታዲያ ገበሬው ጥቅሙን እያየ ዛፉን ለምን ይቆርጣል?» የሚል ይኖራል። መልሱ ቀላል ነው፤ ጥቅሙ በዓመታት የሚታይ ሲሆን ችግሩ የዛሬ ነው። ከጫካ ቡና ከአንድ ሄክታር የሚለቀመው በእንክብካቤ ከተተከለው ቡና ከሚገኘው እጅግ ያንሳል። ደን አጠገብ በቆሎ የዘራ ሰው ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት የዱር አሳማ ሲጠብቅ ይከርማል፤ ልጆቹም ለጥበቃው ሲባል ከትምህርት ቤት የሚቀሩበት ቀን አለ። አንድ ዋንዛ ለጣውላ ቢሸጥ በአንድ ቀን የሚያስገኘው ገንዘብ ቀላል አይደለም። የቡና ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ተቆርጦ የሚሸጥ ስለሆነ ያባብለዋል። ይህን ሁሉ ፈተና አልፎ ዛፉን ያቆመ ሰው የሚመሰገነው በቃል ብቻ ከሆነ፣ ልጁ አባቱን ተከትሎ ዛፍ ጠባቂ ይሆናል ብሎ ማሰብ ያዳግታል።

ምስጋናው በገንዘብ ሲሆን የሚያስከትለውን ለውጥ በአገራችን ለማየት የሚረዳ አንድ ምሳሌ አለ፤ እርሱም በጅማ ዞን ያለው የበለጠ ገራ ደን ነው። በዚያ የጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ጃይካ፣ ከኦሮሚያ ክልል መንግሥት ጋር ሆኖ የአካባቢውን ነዋሪዎች በደን አስተዳደር ማኅበር እንዲደራጁ ረዳ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ደግሞ በደኑ ውስጥ የሚለቀመው ቡና ሬይንፎረስት አሊያንስ የተባለውን ድርጅት የምስክር ወረቀት እንዲያገኝ ተደረገ። በኋላ የጃፓን ተመራማሪዎች ከሰማይ የተነሡ ሥዕሎችን ከየቤተሰቡ ኑሮ ጋር እያስተያዩ ሲመረምሩ፣ ምስክር ወረቀት ያለው የቡና ደን ከሌለው ይልቅ ከምንጠራ እንደተረፈ አገኙ። ልዩነቱም ጎልቶ የታየው በድኾቹ ገበሬዎች ዘንድ ነበር። ለድኻ ጥቂት ጭማሪ ብዙ ነው።

ነገር ግን ምስክር ወረቀት ሁሉ ይህን ፍሬ አፍርቷል ማለት አይቻልም። በዚያው በጅማ ዞን የምስክር ወረቀት ባላቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ላይ ተደርጎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት፣ ወረቀቱ በገበሬው ኑሮ ላይ ያመጣው ለውጥ አነስተኛ መሆኑን ገልጿል። የቀረቡትም ምክንያቶች የምርቱ ማነስ፣ የዋጋው ጭማሪ ከቁጥር የማይገባ መሆኑ፣ ገበሬውም ከማኅበሩ ብድርና በቂ ወሬ አለማግኘቱ ናቸው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ በጀርመን አገር ያሉ ተመራማሪዎች ሌላ ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋል። ጭማሪው ለቡናው ብቻ ተከፍሎ የደኑ አያያዝ በጥብቅ ካልተመረመረ፣ ገበሬው ብዙ ቡና ለማግኘት ሲል ደኑን ይበልጥ እንዲያሳሳ ሊያበረታታው ይችላል ብለዋል። ይህ አስተያየት ትክክል ይመስለኛል። የሚመሰገነው ዛፉ ሆኖ ሳለ የሚመዘነው ኬሻው ብቻ ከሆነ፣ ገበሬው ኬሻውን ማብዛቱ አይፈረድበትም።

መሬትን ለአራዊትም አስቦ መያዝ ከውጭ የመጣ ሐሳብ መስሎ እንዳይታይ፣ ከቡናው አገር ወጣ ብዬ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ያለውን የጓሳን ነገር ባጭሩ ላንሣ። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚፈለግ ስለሆነ፣ የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቀሮ» በተባለ ሥርዓት አለቃ መርጠው፣ መሬቱን ለብዙ ዓመታት ዘግተው፣ ከዚያም ለአጭር ጊዜ ከፍተው ሣሩን ያጭዱ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ይዞታ በተለወጠ ጊዜ የቀሮው ሥርዓት ፈረሰ፤ ኋላም ነዋሪዎቹ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሰው አቆሙት። ዛሬ በዓለም ላይ ጠቅላላ ቁጥሩ ከአምስት መቶ የማይበልጠው ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያ ደጋ ላይ የሚገኙት ሣሩ ስለተጠበቀ ነው። በዚያ ሥርዓት የጠባቂው ዋጋ ሣሩ ነበር፤ የጠበቀ ያጭዳል፤ ያልጠበቀ አያጭድም። በጠባቂውና በዋጋው መካከል ገብቶ ሒሳቡን የሚያደባልቅ ሦስተኛ ሰው አልነበረም።

በቡና ንግድ ግን በመካከል ብዙ ሰው አለ፤ ጉዳዩ ከእኛ ዘንድ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ገበሬው እሸቱን ወይም ጀንፈሉን ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ ሰብሳቢው ለአቅራቢ፣ አቅራቢው ለላኪ ያስተላልፋል። አዋጅ ቁጥር 602/2000 ከወጣ በኋላ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኛው ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል እንዲሸጥ በሆነ ጊዜ፣ ነጋዴው ዋጋውን በእኩል የሚሰማበትና ክፍያውን በቶሎ የሚያገኝበት መንገድ ተከፍቶ ነበር። ሆኖም ቡናው በመጣበት አካባቢና በደረጃው ተመድቦ ከመሰሉ ጋር ስለሚደባለቅ፣ የማሳው ስም በመጋዘኑ በር ላይ ይቀር ነበር። ከዚህ ውጭ የነበሩት እንደ ኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን ያሉት፣ የአባሎቻቸውን ቡና በቀጥታ የመላክ መብት የነበራቸው ናቸው። በኋላ የቡና ግብይትና የጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ሲወጣ፣ ቡናው የመጣበት ቦታ ታውቆ የሚሸጥበትና ላኪውም ከአምራቹ ጋር በቀጥታ የሚተሳሰርበት መንገድ ሰፋ። ስለዚህ ዛሬ «ሕጉ አይፈቅድልንም» የሚለው ምክንያት ቀርቷል፤ የቀረው የሥራ ልማዳችን ነው።

ልማዱ የሚያስከፍለውን ለማየት ለምሳሌ ያህል በወረቀት ላይ አንድ ሒሳብ እናድርግ። አንድ ባለ ሃያ ጫማ ኮንቴይነር ስድሳ ኪሎ የሚይዙ 320 ኬሻዎችን ይጭናል፤ ይህም 19,200 ኪሎ ነው። እያንዳንዱ ገበሬ አምስት ኬሻ የተቀሸረ ቡና አቀረበ ብንል፣ ኮንቴይነሩ የስድሳ አራት ገበሬዎች ሥራ ይሆናል። ገዢው ስለ ዛፉና ስለ ወፉ ብሎ በፓውንድ ሃያ ሳንቲም የአሜሪካ ገንዘብ ቢጨምር፣ ጠቅላላው ጭማሪ 8,466 ዶላር ያህል ነው። ይህ ለስድሳ አራቱ ቢካፈል ለእያንዳንዱ 132 ዶላር ይደርሰዋል። ለአንድ የገጠር ቤተሰብ ይህ የሚናቅ ገንዘብ አይደለም። ከስድሳ አራቱ መካከል ግን የአንዱ ቡና ከማይታወቅ ማሳ የመጣ ቢሆን፣ ወይም ሰብሳቢው ጎድሎበት ከመንገድ ላይ ገዝቶ ቢሞላ፣ ተቆጣጣሪው የሚጥለው ያንን አምስት ኬሻ ብቻ አይደለም፤ የተደባለቀውን ሁሉ ነው። በዚያን ጊዜ ስድሳ ሦስት ሰዎች ባላጠፉት ጥፋት ዋጋቸውን ያጣሉ። በእኛ ቤት የደረሰውም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

እንግዲህ ሥራው በመሠረቱ የጽሕፈት ሥራ ነው፤ የኔ ቢጤዎች ድርሻ የሚሆነውም ይኸው ነው። የገበሬው ስምና የማሳው አቅጣጫ ይመዘገባል። ያስረከበው መጠን በቀኑ ተጽፎ ለእርሱም ደረሰኝ ይሰጠዋል። ቡናው በመጋዘን ለብቻው ይደረደራል፤ መቀሸሪያና ማበጠሪያ ማሽኑም የሌላ ቡና ቅሪት እንዳይገባበት ተጠርጎ ለብቻው ይሠራበታል። ኬሻው ምልክት ይደረግበታል። ከአውሮፕላን ጣቢያው የሚላከው ናሙና ከዚያው ክምር የተወሰደ መሆን አለበት፤ ከተሻለው ክምር ናሙና ወስዶ ከሌላው መጫን እንደሚያዋርድ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መንገር አያሻም። በመጨረሻም ጭማሪው ለየገበሬው የተከፈለበት ዝርዝር ከፊርማው ጋር በፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። ይህ የመጨረሻው ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ነው። ገዢው ደግሞ ሦስተኛ አድርጎ የጠየቀን እርሱኑ ነበር።

ከዚህ ጋር መምታታት የሌለበት ሌላ ጉዳይ አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያጸናው የደን ምንጠራን የሚከለክለው ሕግ ቡናን ጨምሮ ሰባት ሸቀጦችን የሚመለከት ነው። የሚጠይቀውም ሸቀጡ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት አለመምጣቱን ነው። ማሳው ከአራት ሄክታር የማይበልጥ ከሆነ አንድ የካርታ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ዙሪያው ሁሉ መመዝገብ አለበት። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ የተላለፈ በመሆኑ ቸል ያሉት ነጋዴዎች አሉ፤ መተላለፉ ግን መቅረቱ አይደለም። ይህ ሕግ ደን አለመጥፋቱን ይጠይቃል እንጂ ዛፉን ላቆመው ገበሬ የሚከፍለው ምንም ጭማሪ የለም። የአዕዋፉ ማኅተም ግን ዛፉ ዛሬ ቆሞ መገኘቱን መርምሮ ለዚያ ዋጋ ያስገኛል። የመጀመሪያው የገበያ በር መግቢያ ነው፤ ሁለተኛው ከገቡ በኋላ የሚገኝ ጥቅም ነው። ደስ የሚያሰኘው ነገር ለሁለቱም የሚያስፈልገው መዝገብ አንድ መሆኑ ነው፤ ለአውሮፓው ሕግ ሲል የማሳ ነጥብ የሰበሰበ ላኪ የግማሹን መንገድ ሄዷል።

አስመጪዎቻችንም ከዚህ ውጭ አይደሉም። የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት ባለው ማሳ ላይ አንድ ጊዜ የተረጨ ያልተፈቀደ መድኃኒት የዓመታት ድካምን ያጠፋል። ስለዚህ የእርሻ መድኃኒት የሚያስመጣ ነጋዴ ወደ ቡና ደኑ ወረዳዎች የሚልከውን ለይቶ፣ ዕቃው የት እንደማይረጭ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ጽፎ ቢለጥፍበት ራሱንም ደንበኛውንም ከክርክር ያድናል።

ወደ ባለሱቆች ስንመጣ፣ ከቦሌ መንገድ ጀምሮ በገርጂ፣ በጉርድ ሾላ፣ በሲ ኤም ሲና በአያት በኩል እስከ ከተማው ምሥራቅ ዳር ድረስ፣ የተቆላ ቡና በሚያምር ከረጢት የማይሸጥ ሱቅ ጥቂት ነው። ገዢውም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውጭ አገር ተመላሽ መንገደኛ ነው። በከረጢቱ ላይ ወፍና ጉሬዛ ተሥሎ፣ «የጫካ ቡና» ተብሎ ተጽፎ ሳለ፣ ባለሱቁን «ከየትኛው ጫካ?» ብለው ቢጠይቁት መልስ ያጣል። ሥዕሉ ምስክር ወረቀት አይደለም። የማኅተም ባለቤት የሆኑ ድርጅቶችም ማኅተማቸውን ያለ ፈቃድ ያተመን ሰው ሊከሱት ይችላሉ። ማኅተም የሌለው ሱቅ ቢያንስ የወረዳውንና የማኅበሩን ስም በእውነት ቢጽፍ፣ ከተሣለ ወፍ ይልቅ ለገዢው የሚጠቅመው ይኸ ነው።

ከዚያው ደን የሚወጣው ቡና ብቻ እንዳልሆነም ባለሱቆች ያውቃሉ። ኮረሪማው፣ ጥምዙና የጫካው ማር ከከፋ፣ ከሸካና ከቤንች የሚመጡት ከነዚያው ዛፎች ሥርና ቅርንጫፍ ነው። ማሩ ለገበሬው ልዩ ጥቅም አለው፤ ቡናው በማያፈራበት ዓመት እንኳ ዛፉ ቀፎ ተሸካሚ ሆኖ ዋጋውን ይከፍላል። እንዲያም ሆኖ በገበያው የሚሸጠውን ማር በስኳር መበረዝ ምን ያህል እንደተለመደ አንባቢ ስለሚያውቅ አልዘረዝረውም። የተበረዘ ማር ሲረክስ ንጹሑ አብሮ ይረክሳል፤ ያን ጊዜ ቀፎ ሰቃዩ ዛፉን የሚያቆምበት አንዱ ምክንያቱ ይቀንሳል።

የእኛ ቤት ነገር ከምን ደረሰ ለሚል፦ ዘንድሮ ከአንድ የገበሬዎች ማኅበር ጋር ተስማምተን የስምንት ገበሬዎችን አርባ ኬሻ ቡና በመጋዘኑ አንድ ጥግ ለብቻው አቁመናል። ኮንቴይነር የሚሞላ አይደለም። አሠሪዬ ለጥቂት ኬሻ ይህን ያህል ወረቀት መብዛቱ ባይጥማቸውም፣ መጋዘን ጠባቂው ሌላ ቡና እንዳያስጠጋበት ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ዛፎቹን የሚመረምረው ሰው ከጥምቀት በኋላ ይሄዳል። ለገዢው ባለፈው ሳምንት በጻፍሁት ደብዳቤ ላይ፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው ቆጥረው የነገሩንን ዐሥራ አራት ዓይነት ዛፍ በየስሙ ዘርዝሬ፣ ለእያንዳንዳቸው እንዲከፈል የተስማማንበትን ጭማሪ ጨምሬ፣ ስለ ሁለተኛው ጥያቄው «ወፎቹን ገና አልቆጠርንም» ብዬ አስፍሬያለሁ።